የአክስት ሙኒት ካሴት

«ሁለት ኪሎ እንኳ አይሞላም፤ ሳሙናና ጨርቅ ብቻ ነው» አለች ሙህሲና፣ በጥቁር ፌስታል የታሰረ ጥቅል ጋሻው ክንድ ላይ እያስቀመጠች። «ሽታው ጨርቁን እንዳይዘው ለየብቻ አስሬዋለሁ። ደሴ ሲደርሱ ሰኞ ገበያ ወርደው የመምህርት ሙኒት ቤት የት ነው ቢሉ ሕፃኑም ያሳይዎታል። ትንሽ ይቆዩ፣ ለወገቧ የሚሆን ቅባትም አለ።»

ጋሻው ጥቅሉን እንደታቀፈ በሩ ላይ ቀረ። እሱ የጠየቀው ካሴት ነበር። «ሙህሲና፣ ካገር ቤት የመጣ፣ ድምፅ ያለበት ካሴት ይኖርሻል?» ነው ያላት፤ ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል አልጨመረም። እሷ ግን ጥያቄው ካፉ ሳያልቅ «አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ጥፋቱ የሷ አልነበረም። ዐረብ አገር፣ አል ኹበር አሽ-ሸማሊያ ሰፈር ውስጥ በዚያ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ የሚኖሩት ሐበሾች ደብዳቤ የሚላላኩት በካሴት ነው። ካገር የመጣውን ካሴት ቤተሰብ ተሰብስቦ ያዳምጠዋል፤ የሚያለቅሰው አልቅሶ፣ የሚስቀው ስቆ ሲያበቃ መልሱ እዚያው ላይ ይቀዳበትና ወደ አገር የሚገባ ሰው ይጠበቃል። ስለዚህ አንድ ሰው በር አንኳኩቶ «ካሴት አለ ወይ?» ካለ፣ ትኬቴን ቆርጫለሁ፣ መልእክት ያላችሁ አምጡ ማለቱ ነው። ጋሻው ሰባት ዓመት ሙሉ እዚያ ሕንፃ ላይ ኖሮ ይህ ሳይታሰበው መቅረቱ ነው የሚገርመው። ግን ጋሻው እንደዚያ ነው፤ አንድ ነገር ካሰበ ከነጫማው ስለሚገባበት ዙሪያውን አያይም።

«ኹሩጅዎ፣ የመውጫ ቪዛዎ፣ መቼ ወጣ?» አለች ሙህሲና ከቅባቱ ጋር ተመልሳ። «ለሰው ሳይናገሩ። እኛ ምቀኞች ነን፣ ጋሼ?»

«የምን ኹሩጅ? እኔ የምሄደው እላይ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ነው።»

«ታዲያ ካሴቱን ምን ሊያደርጉት ነው?»

«ላስተምርበት።»

ሙህሲና ቅባቱን እንደያዘች አየችው። «በሙኒት ካሴት? የእኅቴ ካሴት ላይ እኮ ዝናብና የወገብ ሕመም እንጂ ሌላ ነገር የለም።»

«እሱን ነው የምፈልገው» አለ ጋሻው፤ ጥቅሉንም መለሰላት። እሷ ግን ልቧ ስላልተወው፣ ምናልባት ሐሳቡን ቢለውጥ ብላ በሩ ሥር አስቀመጠችው። ጥቅሉ እዚያ ቦታ ላይ ሁለት ወር ቆየ።

*

ጋሻው ደማም ወደብ አጠገብ ባለ መጋዘን የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነው። ከዚያ በፊት ኮምቦልቻ አሥራ ሁለት ዓመት አስተምሯል። እዚያ ትምህርት ቤት በሳምንት ሁለት ጊዜ የሬዲዮ ትምህርት ነበር። ሬዲዮው ዳይሬክተሩ ቢሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ይኖራል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ሁለት ተማሪዎች እንደ ሙሽራ አጅበው ያመጡታል። ሰባ ልጅ ጸጥ ይላል። ችግሩ የባትሪ ድንጋይ ነበር። ድንጋዩ ደክሞ የሬዲዮዋ ሴትዮ ድምፅ ሲሰልል ጋሻው ተነሥቶ፣ ድምፁን አቅጥኖ፣ ልክ በሷ አነጋገር ትምህርቱን ይጨርሰዋል። አንዳንድ ልጅ መለወጡን አያውቅም ነበር ይላል። እውነት ይሁን አይሁን አብረውት የነበሩ ሰዎች ቢጠየቁ ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው በዚያ ዓመት፣ በ1987 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ሐሙስ የጎረቤት ልጆችን ሰብስቦ አማርኛ ማስተማር የጀመረው። ያስጀመረው የሙህሲና ባል አብዱሽኩር ነው። አብዱሽኩር ከወደቡ ዕቃ እየጫነ የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ካፊሉ፣ ያስመጣው አሠሪ፣ ከአዲሱ ዓመት ጀምሮ የሠራተኛ ቤተሰብ አላኖርም ስላለ፣ ሙህሲናና ሁለቱ ልጆች ትምህርት ሲዘጋ ደሴ ሊገቡ ነው። ትንሹ ሙዐዝ ገና ስምንት ዓመቱ ስለሆነ የትም ክፍል ቢገባ አያፍርም። ጭንቁ ትልቋ ናት። ጁወይሪያ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ እናቷን ሊደርስ ምንም አልቀረው። እናቷ በአማርኛ ታናግራታለች፣ እሷ በዐረብኛ ትመልሳለች፤ ነገሩ እንዲህ ሆኖ ዘጠኝ ዓመት ኖሯል፣ ማንም ሙሽኪላ፣ ችግር ነው ብሎት አያውቅም።

ደሴ ያለችው የሙህሲና ታላቅ እኅት ሙኒት መምህርት ናት፣ ምክትል ዳይሬክተርም ናት። አትዋሽም፣ አታዳላም። «የእኅቴ ልጅ ስለሆነች ብዬ አምስተኛ ክፍል አላስገባትም» ብላለች፣ ራሷ በላከችው ካሴት። «ግንቦት መጨረሻ ሐሙስ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ትምህርት ቤት ደውሉልኝ። ራሴ አናግራታለሁ። እንደ ሰው ካወራችኝ ለአምስተኛ ክፍል አስፈትናታለሁ። ካላወራችኝ አንደኛ ክፍል ናት፤ ጥፋቱም የናንተ ነው።»

«ኡስታዝ» አለ አብዱሽኩር ያን ሰሞን፣ ደረጃው ላይ ጋሻውን ይዞ፣ «የአንደኛ ክፍል ወንበር ታውቃለህ አይደል? ልጄ እዚያ ብትቀመጥ ጉልበቷ ጆሮዋን ይነካል። ልጆቹ ደግሞ እናታችን ይሏታል።»

«ነገሩ እዚያ አይደርስም» አለ ጋሻው። «አምስት ወር አለን።»

ሁለቱ ወር በጥቁር ሰሌዳ ሄደ። ጋሻው ሰሌዳውን ከመጋዘኑ የተጣለ የሣጥን ክዳን ጥቁር ቀብቶ ነው የሠራው፤ በአብዱሽኩር ሳሎን ሶፋው ላይ ያስደግፈዋል። ተማሪዎቹ ስድስት ናቸው፤ ጁወይሪያና ሙዐዝ፣ አንደኛ ፎቅ የምትኖረው የነርሷ የየሻሽወርቅ ልጅ ማኅደር፣ ከአል ዐዚዚያ በአባታቸው መኪና የሚመጡ ሦስት ወንድማማቾች። ፊደሉን ቆጠሩ። አውቀውትም ነበር። ግን ጋሻው ጀርባውን ሲያዞር ሳሎኑ ዐረብኛ ይሆናል። ሙዐዝ በአንድ ሰዓት ውስጥ አራት ጊዜ ሽንት ቤት ይጠይቃል፤ እሱንም በዐረብኛ። ከወንድማማቾቹ አንዱን ከሰሌዳው ሥር ተኝቶ አገኘው፤ «ምን ሆነሃል?» ቢለው «ኸላስ፣ ሰልችቶኛል» አለ። ከሁለት ወር በኋላ ከልጆቹ አፍ የወጣች የመጀመሪያዋ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ይህች ነበረች፤ እሷም በግማሽ።

ያኔ ነው ጋሻው የኮምቦልቻውን ሬዲዮ ያስታወሰው። ልጅ ሰሌዳ አይሰማም፤ ልጅ የሚሰማው ነገር የሚናገር ዕቃ ነው። ቪዲዮ ማጫወቻ ያላት ደግሞ የሻሽወርቅ ናት።

የሻሽወርቅ ኹበር ውስጥ ባለ ሆስፒታል ነርስ ናት። አዲስ አበባ የተደገሰውን የወንድሟን ሠርግ የያዘ፣ ሦስት ሰዓት የሚፈጅ የቪዲዮ ካሴት አላት። ጋሻው ልጆቹን ይዞ ወረደና ሪሞቱን ተቀበለ። ዘዴው ጥሩ ነበር፤ ሥዕሉን ያቆማል፣ «ይህ ምንድን ነው?» ይላል፣ ልጆቹ ይመልሳሉ። ልጆቹም አልተኙም። እንዲያውም እየተሻሙ ነው የሚመልሱት። ግን መልሱን የምታውቀው ማኅደር ናት፤ የምታውቀውም ሌላ ነገር ነው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ይሄ አጎቴ ነው። እዚያ ካለችው ጋር አይነጋገሩም።»

«እሱን አልጠየቅሁሽም። በእጁ የያዘው ምንድን ነው?»

«ብርጭቆ። የሷ ነው፣ ሳትሰጠው ነው የወሰደው።»

ሙዐዝ ሳቀ። ጋሻው እንዲጫወት ለቀቀው። ሙዚቃው የሰዎቹን ንግግር ሁሉ ስለሸፈነው ማንም የሚናገር አይሰማም፤ አፍ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሲያቆመው ሥዕሉ ይንቀጠቀጣል። በሦስተኛው ሐሙስ ልጆቹ ሚዜ፣ ቬሎ፣ ኬክና የየሻሽወርቅን ሃያ ሁለት ዘመድ በየስማቸው አወቁ።

«ጋሻው» አለችው የሻሽወርቅ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ «የኔን ዘመድ ሁሉ ተዋወቁልኝ፤ ደስ ብሎኛል። ግን አንድ ሰው ሲያወራ አልሰማሁም።»

«ቃል እየሰበሰቡ ነው።»

«መቼ ነው የሚያወጡት? የዚያች ልጅ ቀጠሮ እየደረሰ ነው።»

«ቪዲዮ ላይ ሙዚቃው ያስቸግራል። ዘፈን የሌለበት፣ ሰው ብቻ የሚያወራበት ነገር ነበር የሚያስፈልገኝ።»

«እሱማ አለ» አለች የሻሽወርቅ፣ ጣሪያውን በአገጯ እያመለከተች። «ሙኒት ስታወራ ይኸው እዚህ ድረስ ይሰማል። ሙህሲና ካሴቱን ስታጫውት እኔ ወለሉን ማጽዳት አቆማለሁ።»

ጋሻው በዚያው ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወጥቶ የሙህሲናን በር አንኳኳ፤ ሳሙናና ጨርቅም ታቀፈ።

*

የሙኒት ካሴት የሚጀምረው ሁልጊዜ በጥርጣሬ ነው። «ሄሎ። ሄሎ። ይቀዳል? ቀይዋ በርታለች? እሺ።» ከዚያ ጉሮሮዋን ሁለት ጊዜ ትጠርጋለች። «እኅቴ ሙህሲና፣ አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ ከናፍቆታችሁ በስተቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው። ወገቤን እንደሆነ መቼም ታውቂዋለሽ።» እዚህ ላይ በድንገት ወደ ሌላ ሰው ትዞራለች፤ «አንቺ፣ በሩን ዝጊው እንጂ፣ ዶሮዋ ገባች።» በር ሲዘጋ ይሰማል። ዶሮዋም ትሰማለች። ከዚያ ሙኒት ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ወገቧ ትመለሳለች።

ጋሻው ቴፑን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ከጎኑ ተቀመጠ። አንድ ዓረፍተ ነገር ያሰማል፤ «ቆይ» ብሎ ማቆሚያውን ይጫናል፤ «እሺ፣ ምን አለች?» ይላል። አንዱ ይመልሳል። ደግሞ ይለቀዋል። የዶሮዋ ቦታ ሲደርስ ልጆቹ ቀድመው «በሩን ዝጊው» ይላሉ፣ ሙዐዝ ተነሥቶ የሳሎኑን በር ይዘጋል። ሽንት ቤት መጠየቅ ቀረ። ከአል ዐዚዚያ የሚመጡት ወንድማማቾች አርፍደው ከደረሱ አባታቸውን ይቆጡታል። ሙህሲና ከጓዳ ሆና ታዳምጥና አንዳንዴ «ቆይ» ሲል እሷም ሥራዋን ታቆማለች።

በሁለተኛው ሐሙስ ካሴቱ ቴፑ ውስጥ ተጠላለፈ። ጋሻው ክሩን በጣቱ እየሳበ አወጣው፤ ጁወይሪያ ከቦርሳዋ እስክሪፕቶ አምጥታ ቀዳዳው ውስጥ ከትታ፣ አንድም እጥፋት ሳትተው አጠነጠነችው። ሲያበቃ በዐረብኛ «እስከ ሐሙስ ከኔ ጋር ይቆይ?» አለችው።

«በአማርኛ ጠይቂኝ» አለ ጋሻው።

አሰበች። «ከኔ ጋር» አለች። እሱም በቃው፤ ሰጣት።

በሳምንቱ ጋሻው ቴፑን ሊያበራ ሲል ጁወይሪያ እጇን አወጣች። ተነሥታ ቆመች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ከ«ሄሎ» ጀምራ የካሴቱን አንደኛ ገጽ በሙሉ ወረደችው። ግማሽ ሰዓት። አንድ ቃል አልሳተችም። ጉሮሮዋን የጠረገችው ሙኒት የጠረገችበት ቦታ ላይ ነው። የደሴን አነጋገር ከነዜማው አመጣችው፤ «መቼም ታውቂዋለሽ» ስትል የአርባ አምስት ዓመት ሴት ድካም አለበት።

ለነገሩ ሊገርም አይገባም ነበር። ጁወይሪያ በትምህርት ቤቷ በሒፍዝ፣ ቁርኣን በቃል በመያዝ፣ አንደኛ ናት፤ ከአንባቢው፣ ከቃሪኡ ካሴት እየሰማች፣ የት እንደሚተነፈስና የት እንደሚቆም ሳይቀር ይዛ ነው የምትቀርበው። አስተማሪዎቿ እንዲህ አድርጋ እንድትማር ነው ያስለመዷት፤ ሲናገሩ ትሰማለች፣ እንደሰማችው ትመልሳለች፣ ከራሷ ፊደል አትጨምርም። የአክስቷንም ካሴት የያዘችው በዚያው ዘዴ ነው።

ጋሻው ግን ይህን አላሰበም። ልቡ ኮምቦልቻ ሄዶ ነበር። ሮጦ ወደ ደረጃው ወጣና አብዱሽኩርን ከመኪና ማቆሚያው በጩኸት ጠራው። አብዱሽኩር እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ፣ በሩ ላይ ቆሞ ሰማ። ጁወይሪያ ከ«ሄሎ» ጀምራ ደገመችለት።

«ወላሂ ሙኒት ናት» አለ። «ብድር የጠየቀችኝ መሰለኝ።»

«አምስተኛ ክፍል ገብታለች በለኝ» አለ ጋሻው።

*

ነገሩን ያበላሸችው የሻሽወርቅ ናት፤ ያበላሸችውም በሻይ ነው። ቀጠሮው ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ጁወይሪያ ማኅደርን ልትጠራ አንደኛ ፎቅ ወረደች። ጋሻው የቪዲዮውን ሪሞት ሊመልስ መጥቶ እዚያው ነበር።

«ነይ ግቢ ጁወይሪያ» አለች የሻሽወርቅ። «ሻይ ላምጣልሽ?»

ጁወይሪያ ቀጥ ብላ ቆመች። «እኛ ከናፍቆታችሁ በስተቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።»

የሻሽወርቅ ጋሻውን አየችው። ጋሻው ሪሞቱን አየ።

«ደህና። ስኳር ይብዛ ይነስ?»

«ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው።»

«ማኅደር ጓዳ ናት፤ ሂጂ» አለች የሻሽወርቅ፣ ልጅቷም ይህን ያለምንም ችግር ሰምታ ሄደች። ከዚያ የሻሽወርቅ ሻዩን ለጋሻው ሰጠችው። «ይቺ ልጅ አታወራም እኮ፣ ጋሻው። የተነገራትን ይዛ ትደርሳለች እንጂ። እንደ ደብዳቤ።»

«ትሰማለች። አሁን ሂጂ ስትያት ሰማች።»

«መስማትማ ዱሮም ትሰማ ነበር። ሙኒት የምትፈልገው መልስ ነው። አንተ ራስህ መልስ የሌለበት ነገር ነው ያስተማርካት። ካሴት ላይ አንድ ሰው ያወራል፣ ማንም አያቋርጠውም። የሚያቋርጠው አንተ ነህ፤ ያውም በቁልፍ።»

ጋሻው ሻዩን ሳይቀምስ አስቀመጠ። ደረጃውን ሲወጣ ቁልፉን አሰበ። ሰባት ሐሙስ ሙሉ ጣቱ እዚያ ቁልፍ ላይ ነበር። ማን እንደሚናገር፣ መቼ እንደሚናገር፣ መቼ ዝም እንደሚባል የወሰነው እሱ ነው። ልጆቹ ምን አለች ሲባሉ ያለችውን መልሰው ይሉለታል፤ ምን ትያታለሽ ብሎ የጠየቀበት ቀን ግን ትዝ አላለውም። እሷ ያመጣችለት ያንኑ የሰጣትን ነው፤ እንዲያውም አስውባ።

በቀሩት ሁለት ሐሙሶች ባዶ ካሴት ገዝቶ መጣና ማይክሮፎኑን ለልጆቹ ሰጠ። «አሁን እናንተ ናችሁ የምትናገሩት። ለሙኒት መልስ ላኩላት። ከራሳችሁ።» ሙዐዝ የወደደውን ምግብ ዘረዘረ። ማኅደር የአጎቷንና የብርጭቆዋን ጉዳይ እንደገና አነሣች። ወንድማማቾቹ ተጣሉ፣ ጥሉም ተቀዳ፤ አብዛኛው በአማርኛ ነበርና ጋሻው አላቆማቸውም። ተራው ጁወይሪያ ጋ ሲደርስ ቀይዋ መብራት በራች።

«ሄሎ» አለች ጁወይሪያ። «ሄሎ። ይቀዳል?»

«ቆይ» አለ ጋሻው።

ጁወይሪያ ከመካከል ቀጥ ብላ ቆመች።

«እሱን አይደለም። ከራስሽ። ዛሬ ምን በላሽ፣ ማን መጣ፣ ምን አስጠላሽ።»

በዐረብኛ ቀስ ብላ «ተሳስቼ ብናገርስ?» አለችው። ጋሻው ስሕተት ችግር የለውም አላት። እሷ አላመነችውም፤ በምትማርበት ትምህርት ቤት ተሳስቶ መናገር ችግር አለው። አንገቷን ደፍታ ዝም አለች፤ ቴፑ ዝምታዋን ቀዳው። በሁለተኛው ሐሙስም እንዲሁ። ጋሻው ቤቱ ወስዶ ሲያዳምጠው ከአብዱሽኩር ሳሎን የተቀዳ የአየር ማቀዝቀዣ ድምፅ ነበር፣ ሌላ አልነበረም።

*

ግንቦት መጨረሻ ሐሙስ ረፋድ ላይ አራቱም፣ አብዱሽኩር፣ ሙህሲና፣ ጁወይሪያና ጋሻው፣ ውጭ አገር ወደሚደወልበት የስልክ ካቢና ሄዱ። ጋሻው እንዲመጣ የጠራው የለም፤ ግን ሸሚዝ ለብሶ ደረጃው ሥር ቆሞ ስላገኙት ዝም ብለው ይዘውት ሄዱ። መንገድ ላይ ምንም አልመከራትም። ምን ብሎ ይምከራት።

የካቢናው ጠባቂ የመናዊ ነው። አራት ሰው አንድ ሳጥን ውስጥ ሲገባ አይቶ በሩን ክፍት እንዲተዉት አስጠነቀቀ። ለዙህር ሶላት ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ነው የቀረው። መስመሩ በሦስተኛው ሙከራ ገባ።

ሙኒት ከደሴ ስትናገር ስልኩ ባይኖርም የሚሰማ ይመስል ነበር። ማዳመጫው ሙህሲና ጆሮ ላይ ነው፣ ቃሉ ግን ለአራቱም ይደርሳል። የሳተላይቱ መስመር ድምፅን አንድ ትንፋሽ ያህል እያዘገየ ስለሚያደርስ ሁለቱ እኅትማማቾች መጀመሪያ ላይ እየተጋጩ ሰላም ተባባሉ።

«በቃ ስጪኝ ልጅቷን» አለች ሙኒት። «ከኋላዋ ሆናችሁ እንዳትነግሯት። እሰማለሁ።»

ጁወይሪያ ስልኩን ተቀበለች። አብዱሽኩር ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የአገሮች የስልክ ቁጥር ዝርዝር ማንበብ ጀመረ፤ ከላይ እስከ ታች።

«እሺ ጁወይሪያ» አለች ሙኒት። «ንገሪኝ እስቲ።»

ጁወይሪያ ዓይኗን ጨፈነች።

«ሄሎ» አለች። «ሄሎ። ይቀዳል? ቀይዋ በርታለች? እሺ።» ጉሮሮዋን ሁለት ጊዜ ጠረገች።

ጋሻው እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ።

«እኅቴ ሙህሲና፣ አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ ከናፍቆታችሁ በስተቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው።» ወጪ ወራጁ በላብ በሚጠመቅበት በኹበር ግንቦት፣ ዝናቡን ያወሳችው በሚያምን ድምፅ ነው። «ወገቤን እንደሆነ መቼም ታውቂዋለሽ። አንቺ፣ በሩን ዝጊው እንጂ፣ ዶሮዋ ገባች። እና ወገቤን ሐኪሙ ደግሞ ምን አለኝ መሰለሽ፣ መምህርት ወንበርሽን ለው…»

«ቆይ» አለች ሙኒት።

ጁወይሪያ ቆመች። «ለው» ላይ ቆመች፤ አፏ እንደተከፈተ፣ ትንፋሿ እንደተያዘ። ጋሻው የሚያውቀው አቋቋም ነው። ራሱ ነው ያስተማራት።

«ቀጥዪ» አለች ሙኒት፣ ትንሽ ቆይታ።

«መምህርት ወንበርሽን ለውጪ አለኝ» አለች ጁወይሪያ፣ ከዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ተነሥታ።

«ቆይ።»

ቆመች።

ደሴ ላይ የሆነ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ፤ ምናልባት ያልተለወጠው ነው። የካቢናው ጠባቂ የመዝጊያውን ብረት ግማሽ ድረስ አወረደውና ሰዓቱን በጣቱ መታ መታ አደረገ። ሙህሲና የነጠላ መጎናጸፊያዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከታለች፤ እንዳትናገር ነው።

«እስቲ ልጠይቅሽ» አለች ሙኒት ስልኩ ውስጥ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ ዝቅ ያለው እንኳ በደንብ ይሰማል። «ወገብሽን ያመመሽ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ጁወይሪያ ዓይኗን ገለጠች። ወደ አባቷ አየች፤ አባቷ ዝርዝሩ ላይ ኢንዶኔዥያ ደርሷል። ወደ ጋሻው አየች። ጋሻው ሁለት እጁን አየ፤ እጁ ላይ ምንም ቁልፍ የለም። ሊነግራት የሚችለው አንድም ነገር ስለሌለው ትከሻውን ብቻ ወደ ላይ ከፍ አደረገ፣ እኔም አላውቅም እንደሚል ሰው። ያን ሁሉ ሐሙስ አስተምሯት፣ አላውቅም ሲል ስታየው የመጀመሪያዋ ነው።

ልጅቷ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች። ቃል በቃል፣ እያንዳንዱን ከሩቅ ቦታ እየጎተተች አመጣችው።

«አክስቴ» አለች፣ «እሱ ካሴት ላይ የለም።» ትንፋሽ ወሰደች። «የኔ ወገብ አያመኝም። ያንቺ ነው። ለምን ወንበሩን አትለውጪም?»

«እርስዎ» ማለት ነበረባት፤ ግን ሙኒት ታናሽ እኅቷን እርስዎ ብላ ስለማታውቅ እሱም ካሴቱ ላይ አልነበረም። ሙህሲና ጨርቁን ከአፏ አወጣች። አብዱሽኩር ማንበቡን አቆመ። የተናገረችው ባሕሩን ተሻግሮ፣ ደሴ ደርሶ፣ መልሱ እስኪመጣ አራቱም የመናዊው ቁልፎቹን ሲያንቃጭል ብቻ ይሰሙ ነበር።

«የኔንማ ድምፅ አውቀዋለሁ» አለች ሙኒት። «አሁን የተናገረችው ማን ናት? እስቲ እሷን አገናኙኝ።»